የፀሐይ ጥቁር ነቁጦችን ውዝዋዜ በሕዋ ቴሌስኮፕ ምስሎች መከታተል፦ ከድሬዳዋ ሆኖ ለሚሠራ ሰው የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

በድሬዳዋ የሚኖር ሰው ፀሐይን ለማወቅ ቴሌስኮፕ አያስፈልገውም፤ ከረፋዱ ጀምሮ ራሷ በር ድረስ ትመጣለች። በገጿ ላይ ያሉት ጥቁር ነቁጦች በየሦስትና በየአምስት ደቂቃው ሲደምቁና ሲደበዝዙ ለመከታተል ግን ከደመናና ከአቧራ በላይ ሆኖ ዓይኑን የማይነቅል መሣሪያ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ መሣሪያ አለ። ናሳ የካቲት 4 ቀን 2002 ዓ.ም. ያመጠቀው ኤስዲኦ የተባለው የፀሐይ መመልከቻ ሳተላይት በየ12 ሰከንዱ የሚያነሣቸው ምስሎች ለማንኛውም ሰው በነጻ ክፍት ናቸው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ጥቂት የፓይተን ፕሮግራም ለሚያውቅ መምህር ወይም ተማሪ ሲሆን፣ ከአንድ ላፕቶፕና ከመጠነኛ የኢንተርኔት ጥቅል በቀር ብዙ የሚጠይቀው ነገር የለም። በዚህ ሥራ ውዝዋዜ ማግኘት ቀላል ነው። ከባዱ ነገር የተገኘው ውዝዋዜ የፀሐይዋ እንጂ የመሣሪያው ወይም የራሳችን አለመሆኑን ማረጋገጥ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች ካሉት እርምጃዎች የሚበዙት የሚያተኩሩት በዚሁ ላይ ነው።

የሚወዛወዘው ምንድን ነው?

የፀሐይ ነቁጥ ብርቱ መግነጢሳዊ መስክ ከታች ወደ ላይ የሚመጣውን ሙቀት አፍኖ የያዘበት ስፍራ ነው። አምብራ የሚባለው ጥቁሩ መሃል ሙቀቱ 4,000 ኬልቪን ገደማ ሲሆን፣ በዙሪያው ያለው የፀሐይ ገጽ ግን 5,800 ኬልቪን ገደማ ነው፤ አምብራውን የከበበው ጭረት ጭረት ያለበት ግራጫ ቀለበት ደግሞ ፔናምብራ ይባላል። ነቁጦች መግነጢሳዊ መሆናቸውን ጆርጅ ኤለሪ ሄል እ.ኤ.አ. በ1908 ያረጋገጠ ሲሆን፣ በአምብራ ውስጥ በየሁለት ሦስት ደቂቃው የሚመላለሱ ብልጭታዎች መኖራቸውን ቤከርስና ታላንት ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1969 ነው።

ከሥራው በፊት አንድ ነገር በሚገባ መረዳት ይጠቅማል። የሚታየው የፀሐይ ገጽ፣ ማለትም ፎቶስፌር፣ በየአምስት ደቂቃው ግድም ይወዛወዛል፤ ይህም በፍሪኩዌንሲ ሲገለጽ 3.3 ሚሊኸርዝ ነው። ከዚያ በላይ ባለው ክሮሞስፌር፣ በአምብራው አናት ላይ፣ ጎልቶ የሚታየው ግን የሦስት ደቂቃው ወይም የ5.5 ሚሊኸርዙ ነው። ለዚህ ምክንያቱ የፀሐይ ከባቢ አየር እንደ ደፍ የሚያገለግል ወሰን ያለው መሆኑ ነው፤ ፍሪኩዌንሲያቸው ከ5 ሚሊኸርዝ አካባቢ በታች የሆኑ የድምፅ ዓይነት ሞገዶች ቀጥ ብሎ በቆመ መስክ ውስጥ ወደ ላይ ማለፍ አይችሉም። መስኩ ባዘመመ መጠን ግን ደፉ ዝቅ ይላል፤ መስኩ ከቀጥታው በ60 ዲግሪ ካጋደለ ደፉ በግማሽ ወርዶ 2.5 ሚሊኸርዝ አካባቢ ስለሚደርስ የአምስት ደቂቃው ሞገድም ያልፋል። መስኩ በአምብራው መሃል ቀጥ ያለ፣ በፔናምብራው ውስጥ ደግሞ ያጋደለ በመሆኑ፣ ሦስቱን ደቂቃ በመሃል፣ አምስቱን ደቂቃ በዳር እንጠብቃለን። ይህ ጥበቃ በኋላ ለፈተና ያገለግለናል።

አንደኛ፦ ነቁጡንና ሰዓቱን መምረጥ

ለመጀመሪያ ሥራ ክብ፣ ብቻውን ያለ፣ ከፀሐይ ገጽ መሃል ብዙ ያልራቀ ነቁጥ ይምረጡ። ሄሊዮቪወር በተባለው ድረ ገጽ የማንኛውንም ቀን የኤስዲኦ ምስል ማየት ይቻላል። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው ትልቁንና ዝነኛውን ነቁጥ በመምረጥ ነው፤ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ዓለምን ያነጋገረውን ኃይለኛ ማዕበል ያስነሣው የነቁጦች ስብስብ ፍንዳታ በፍንዳታ ላይ የሚደራርብ ስለነበረ፣ ረጋ ያለ ውዝዋዜ ለመማር የማይመች ነው። በእኔ አስተያየት መልመጃው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 8 ቀን 2010፣ በእኛ ኅዳር 29 ቀን 2003 ዓ.ም. በታየው 11131 በተሰኘው ነቁጥ ቢጀመር ይሻላል፤ የሦስት ደቂቃው ውዝዋዜ በዚህ ነቁጥ ላይ በዚሁ ሳተላይት አስቀድሞ የተጠና ስለሆነ፣ ሥራዎ ትክክል መሆኑን የሚያነጻጽሩበት ነገር ያገኛሉ።

ሰዓትን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የምስሎቹ ሰዓት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር የተጻፈ ሲሆን፣ ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ ሦስት ሰዓት መቀነስ ይበቃል፦ ፋይሉ 04:00 ካለ በድሬዳዋ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። እርስዎ በሰፈርዎ ሰዓት እያሰቡ የሦስት ሰዓት ልዩነት ያለውን ምስል ካወረዱ ነቁጡ ካሰቡበት ቦታ ላይ አይገኝም። ከዚህም ሌላ ሳተላይቱ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ ለጥቂት ሳምንታት፣ በየቀኑ በምድር ጥላ ውስጥ ያልፋል፤ ጨለማው ቢበዛ 72 ደቂቃ ይቆያል። ሰዓቱ በእኛ ከረፋዱ 4 ሰዓት ግድም ስለሆነ፣ በድሬዳዋ ፀሐይ ጠጠር በምታግልበት ሰዓት ሳተላይቱ ፀሐይን አያያትም። በነዚያ ሳምንታት ከዚህ ሰዓት ራቅ ያለ ጊዜ ይምረጡ።

በዚያው ዕለት ያለውን ነቁጥ በዓይን ማየት የፈለገ ሰው፣ በባይኖኩላር አንድ ዓይን ብቻ የፀሐይን ምስል በነጭ ወረቀት ላይ ጥሎ ማየት ይችላል። በባይኖኩላሩ ውስጥ ወደ ፀሐይ መመልከት ግን ዓይን ያጠፋል፤ ልጆች በአጠገቡ ካሉ ባይኖኩላሩን ለአፍታም ጥሎ መሄድ አይገባም።

ሁለተኛ፦ ማውረድ

ኤአይኤ የተባለው የሳተላይቱ ካሜራ የሚያነሣው ሙሉ ምስል በጎኑ 4,096 ፒክስል ነው፤ ተጨምቆም 10 ሜጋባይት አካባቢ ይሆናል። በየ12 ሰከንዱ አንድ ምስል ማለት በሁለት ሰዓት 600 ምስል ማለት ስለሆነ፣ ሙሉውን ለማውረድ የሚነሣ ሰው ከ6 ጊጋባይት ጋር ይፋጠጣል። ስለዚህ ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የመረጃ ማዕከል ሲጠይቁ ነቁጡን ብቻ የሚይዝ፣ በጎኑ 200 ፒክስል የሆነ ሣጥን እንዲቆረጥልዎ ይዘዙ፤ 600ው ምስል በጠቅላላው 100 ሜጋባይት ገደማ ይሆንና በአንድ ሌሊት ጥቅል ያልቃል። ማዕከሉ የኢሜይል አድራሻ አስመዝግበው እንዲጠይቁ ይፈልጋል እንጂ ገንዘብ አያስከፍልም። መብራት ሲሄድ የተቋረጠ ፋይል መጠኑ ጎደሎ ሆኖ ስለሚቀር፣ ማውረዱ ሲያልቅ የፋይሎቹን ቁጥርና መጠን መቁጠር አይዘንጉ። የወረደውንም በሌላ ዲስክ ላይ ያስቀምጡ፤ በኅዳር 2017 ዓ.ም. የማዕከሉ የኮምፒውተር ክፍል በፈነዳ የውኃ ቧንቧ ተጥለቅልቆ አገልግሎቱ ተስተጓጉሎ ነበር።

የትኛውን የሞገድ ርዝመት? ለመጀመሪያው ሥራ የ304 አንግስትሮሙን ይውሰዱ (አንግስትሮም የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው)፤ በክሮሞስፌርና ከእርሱ በላይ ባለው ስስ ሽፋን ካለ ሂሊየም የሚመጣ ብርሃን ስለሆነ የሦስት ደቂቃው ውዝዋዜ በዚህ ይጎላል። ሁለተኛው 1,700 አንግስትሮም ሲሆን፣ ይህ ወደ ፎቶስፌሩ የቀረበውን ንብርብር ያሳያል፤ የሚነሣው በየ24 ሰከንዱ ነው። ሦስተኛው 171 አንግስትሮም ኮሮናውን፣ ማለትም የፀሐይን ውጫዊ ከባቢ አየር ያሳያል። ኤችኤምአይ ከተባለው ሌላው የሳተላይቱ መሣሪያ ደግሞ አንድ የነጭ ብርሃን ምስል ይውሰዱ፤ የአምብራውን ድንበር የምናሰምረው በእርሱ ነው።

የምስሎቹ መደጋገሚያ ጊዜ ለምን አስፈላጊ እንደሆነ ለተማሪ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የጣሪያውን ማራገቢያ በስልክ ካሜራ ይቅረጹት፤ በቪዲዮው ላይ ማራገቢያው ሲያዘግም ወይም ወደ ኋላ ሲዞር ይታያል። ካሜራው በቂ ምስል በጊዜው ስላላነሣ ፈጣኑ ዙር ዘገምተኛ መስሎ ታየ ማለት ነው። በ12 ሰከንድ ልዩነት የተነሡ ምስሎች ከ24 ሰከንድ ያጠረ ዑደትን በታማኝነት ሊያሳዩ አይችሉም፤ በኤችኤምአይ 45 ሰከንድ ልዩነት ደግሞ ወሰኑ 90 ሰከንድ ነው። የሦስት ደቂቃው ዑደት በ304 አንግስትሮም በ15 ምስሎች ስለሚወከል በዚህ በኩል አያሰጋም።

ሦስተኛ፦ ምስሎቹን ማስተካከል

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንመለከተዋለን። ኤአይኤፓይ የተባለው የፓይተን ጥቅል ምስሎቹን ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ ያዞራል፣ መጠናቸውን በፒክስል 0.6 አርክሰከንድ (አርክሰከንድ የዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው) ያደርጋል፣ የካሜራውንም ትክክለኛ አነጣጠር ያርማል። ጥቅሉ ይህን ማረም የሚሠራው በሙሉ ምስል ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ሣጥኑን ከማዕከሉ ሲያዝዙ ምስሉ ከመቆረጡ በፊት እንዲታረም ይጠይቁ፤ የየፋይሉ ራስጌ ጽሑፍም ከምስሉ ጋር ተያይዞ መቆየት አለበት። ቀጥሎ የእያንዳንዱን ምስል ብርሃን ለተነሣበት የመጋለጫ ጊዜ ያካፍሉ። ብርቱ ፍንዳታ ሲነሣ ካሜራው አንዱን ምስል ረዥም፣ ቀጣዩን አጭር እያደረገ ስለሚያነሣ፣ ይህን ያላካፈለ ሰው በየ24 ሰከንዱ የሚመላለስ «ግኝት» ይጠብቀዋል።

ከዚህ የሚከፋው የፀሐይ መሽከርከር ነው። በገጿ መሃል ያለ ነቁጥ በሰዓት ወደ 9 አርክሰከንድ፣ ማለትም 15 ፒክስል ያህል ይጓዛል። ሣጥኑ ነቁጡን ካልተከተለ የመረጡት ፒክስል በሰዓት ውስጥ ከአምብራው ወጥቶ ፔናምብራ ላይ ይወድቃል፤ ይህ ግልጽ ስሕተት ስለሆነ ቶሎ ይታወቃል። ስውሩ ስሕተት ሣጥኑ ነቁጡን እየተከተለ፣ ነገር ግን በሙሉ ፒክስል ብቻ እየዘለለ ሲሆን ነው። 15 ፒክስል በሰዓት ማለት በየአራት ደቂቃው አንድ ዝላይ ማለት ነው፤ አራት ደቂቃም በሦስትና በአምስት መካከል ያለ፣ ማንም የሚያምነው ቁጥር ነው። እኛም ከተማሪዎች ጋር ይህን ሥራ ስንጀምር የአራት ደቂቃ ጉልህ ዑደት አግኝተን ሁለት ቀን ተደስተናል፤ በሦስተኛው ቀን አንዲት ተማሪ የሣጥኑን ዝላይ ሰዓት ከግራፉ ጋር ስታስተያይ ጫፍ በጫፍ ገጠመ። ስለዚህ ሙሉውን ፒክስል ከተከተሉ በኋላ የቀረውን ክፍልፋይ በማስላት እያንዳንዱን ምስል በስሱ ማንሸራተት ያስፈልጋል፤ ሰንፓይ የተባለው የፓይተን ጥቅል የፀሐይን መሽከርከር አስልቶ ይህን የሚያደርግ መሣሪያ አለው። ማንሸራተቱ መልካም መሆኑን ለማየት ምስሎቹን እንደ ቪዲዮ አከታትለው ያጫውቱ። የአምብራው ጠርዝ ከተንቀጠቀጠ ሥራው ገና ነው።

የኤችኤምአይን ምስል ከኤአይኤው ጋር ሲደርቡ ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። የኤችኤምአይ ፒክስል 0.5 አርክሰከንድ ስለሆነ መጠኑ መስተካከል አለበት፤ ምስሉም ሲወርድ ተገልብጦ ስለሚመጣ በ180 ዲግሪ ገደማ ካልተሽከረከረ አምብራው ባዶ ገጽ ላይ ያርፋል። ድንበሩን ለማስመር ብርሃኑ ከፀጥተኛው ገጽ አማካይ ከግማሽ ገደማ በታች የሆነውን ስፍራ አምብራ ብሎ መውሰድ ለመነሻ ይበቃል።

አራተኛ፦ የብርሃኑን ግራፍ ማውጣት

በአምብራው መሃል 5 በ5 የሆነ የፒክስል ሣጥን ይውሰዱና የየምስሉን አማካይ ብርሃን ከጊዜ ጋር ይሳሉ። ሣጥኑን ማስፋት ጫጫታውን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ጎረቤት ፒክስሎች አንድ ላይ ስለማይደምቁና ስለማይደበዝዙ፣ ሙሉውን አምብራ አማካይ ያደረገ ሰው ውዝዋዜውን እርስ በርሱ ያጣፋዋል። ቀጥሎ አዝጋሚውን ለውጥ ለማስወገድ የ10 ደቂቃ ተንቀሳቃሽ አማካይ ያስሉ፤ እርሱን ከግራፉ ቀንሰው ለእርሱው ያካፍሉ። የአማካዩን ስፋት ወደ አምስት ደቂቃ ያጠበበ ሰው የአምስት ደቂቃውን ዑደት በገዛ እጁ ያጠፋል። የጎደሉ ምስሎች ካሉ፣ ሰዓቶቹን አይቶ ክፍተቱን ማወቅ እንጂ ምስሎቹን በቅደም ተከተል ብቻ መቁጠር አይገባም።

በዚህ ደረጃ ላይ ኮምፒውተሩን ትተው ግራፉን በወረቀት ላይ አትመው በዓይን ይመልከቱት። መልካም ነቁጥ ከሆነ የሦስት ደቂቃው ምት ያለ ምንም ሒሳብ ይታያል፤ ጥቂት ዑደቶች ጎልተው ይመጡና ይከስማሉ፣ ከዚያም ተመልሰው ይነሣሉ።

አምስተኛ፦ ዑደቱን መለካት

ግራፉን ወደ ዑደቶቹ የሚበትነው የፉሪየር ሒሳብ ሳይፓይ በተባለው የፓይተን ጥቅል በአንድ መስመር ይሠራል። የምስሎቹ ልዩነት እኩል ካልሆነ አስትሮፓይ በተባለው ሌላ ጥቅል ውስጥ ያለው የሎምብና ስካርግል ዘዴ ይሻላል። የመለየት አቅሙን የሚወስነው የክትትሉ ርዝመት ነው፦ የአንድ ሰዓት ክትትል በ0.28 ሚሊኸርዝ፣ የሁለት ሰዓት ክትትል በ0.14 ሚሊኸርዝ ይለያል። ውዝዋዜው የሚነሣና የሚከስም ስለሆነ፣ ከፉሪየሩ ቀጥሎ ዌቭሌት የተባለውን ዘዴ ቢጠቀሙ በየትኛው ደቂቃ የትኛው ዑደት እንደጎላ ያሳይዎታል።

ጫፍ ያለው ሁሉ ግን ዑደት አይደለም። 600 ምስል 300 ያህል ፍሪኩዌንሲዎችን ይሰጣል፤ «95 ከመቶ አስተማማኝ» የሚለውን መስመር ያሰመረ ሰው ምንም ውዝዋዜ ባይኖር እንኳ 15 ያህሉ በአጋጣሚ ከመስመሩ በላይ እንደሚወጡ ማወቅ አለበት። በተጨማሪም የፀሐይ ብርሃን ጫጫታ በዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ በኩል ከፍ ይላል፤ መስመሩ አግድም ቀጥ ብሎ ከተሰመረ በግራ በኩል ያለው ሁሉ ግኝት ይመስላል። ስለዚህ መስመሩ የጫጫታውን ቁልቁለት ተከትሎ መሰመር አለበት።

ስድስተኛ፦ መፈተን

ተመሳሳይ ሣጥን ከነቁጡ ራቅ ባለ ፀጥተኛ ገጽ ላይ ያስቀምጡና ሒሳቡን ይድገሙ። ያው ጫፍ በዚያው ፍሪኩዌንሲ፣ በዚያው ደቂቃ ከተነሣ ምንጩ መሣሪያው ነው። ቀጥሎ ክትትሉን ለሁለት ይክፈሉ፤ እውነተኛው ዑደት በሁለቱም ግማሽ ይገኛል፣ ጉልበቱ ግን ሊለያይ ይችላል። ሦስተኛው ፈተና የምስሎቹን ቅደም ተከተል እንደ መጫወቻ ካርታ በውዞ ብዙ ጊዜ ማስላት ነው፤ ከተበወዙት ከሺህ አንዱ እንኳ ያንን ጫፍ ካልሠራው ጫፉ ሊታመን ይችላል። ነገር ግን ይህ ፈተና የሙሉ ፒክስሉን ዝላይ አይዝም፤ ዝላዩም እንደ ዑደቱ ሁሉ በቅደም ተከተሉ ውስጥ ያለ ነገር ነውና። ዝላዩን የሚይዘው ሣጥኑን አንድ ፒክስል ወደ ጎን አንቀሳቅሶ መድገም ነው፦ ሐሰተኛው ውዝዋዜ ብርሃኑ ድንገት በሚለወጥበት የአምብራ ጠርዝ ላይ ይበረታል፣ እውነተኛው የሦስት ደቂቃ ውዝዋዜ ግን ከጠርዙ ራቅ ባለው መሃልም ይገኛል።

ከሁሉ የሚያሳምነው የኃይል ካርታው ነው። ሒሳቡን ለእያንዳንዱ ፒክስል ይሥሩና ከ5 እስከ 6 ሚሊኸርዝ ያለውን ኃይል በአንድ ካርታ፣ በ3.3 ሚሊኸርዝ ዙሪያ ያለውን በሌላ ካርታ ይሳሉ። በ304 አንግስትሮም የመጀመሪያው ካርታ አምብራውን ሞልቶ ሲደምቅ፣ ሁለተኛው አምብራውን ባዶ ትቶ በፔናምብራው ላይ ቀለበት ሲሠራ፣ ከላይ የተነገረው የደፍ ነገር በዓይን ታየ ማለት ነው።

ሰባተኛ፦ ሞገዱ ወደ ላይ መጓዙን ማሳየት

በ1,700፣ በ304 እና በ171 አንግስትሮም ከአንድ ቦታ ሦስት ግራፎች አውጥተው አንዱን በሌላው ላይ በማንሸራተት የትኛው እንደሚዘገይ ይለኩ። የላይኛው ንብርብር ከታችኛው ዘግይቶ ከደመቀ ሞገዱ ወደ ላይ እየተጓዘ ነው። ዑደቱ 180 ሰከንድ ሲሆን የ60 ሰከንድ መዘግየት ከ120 ሰከንድ መቅደም ጋር እንደማይለይ አይርሱ፤ ውሳኔውን ለአንድ ዑደት ሳይሆን ጎልተው ለሚነሡትና ለሚከስሙት የዑደት ጭፍሮች ያድርጉት። እያንዳንዱ የሞገድ ርዝመት የሚነሣው በተለያየ ሰከንድ ስለሆነ፣ ግራፉ የሚሣለው ለፋይሉ በተሰጠው የተጠጋጋ ሰዓት ሳይሆን ምስሉ በእርግጥ በተነሣበት ሰዓት ነው።

የኤችኤምአይን የፍጥነት ምስሎች በዚህ ሒሳብ ውስጥ ለማስገባት የሚፈልግ ሰው አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለበት። የኤችኤምአይ መዝገብ የሚጠቀመው በአቶሚክ ሰዓት ሲሆን የኤአይኤ መዝገብ ግን በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ በእኛው መልመጃ ዕለት የሁለቱ ልዩነት 34 ሰከንድ ነበር፣ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ 37 ሰከንድ ነው። ይህን ያላረመ ሰው ከሦስት ደቂቃው ዑደት አንድ አምስተኛ የሚሆን ሐሰተኛ መዘግየት ይለካል። እንዲሁም ሳተላይቱ ምድርን በቀን አንድ ጊዜ ስለሚዞርና በጉዞው ወደ ፀሐይ ሲቀርብና ሲርቅ ስለሚውል፣ በኤችኤምአይ መረጃ ውስጥ የ12ና የ24 ሰዓት ዑደቶች ይገኛሉ፤ የሰዓታት ርዝመት ያለው የነቁጥ ውዝዋዜ አገኘሁ የሚል ሰው በመጀመሪያ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ከግራፉ ላይ ያስወግድ።